ካሜራው ለምን ከፊት ብቻ ይሆናል?

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን ሲያሸንፍ የጃፓን ሕዝብ ሩጫውን ከመነሻው እስከ መድረሻው በቴሌቪዥን በቀጥታ ይከታተል ነበር። ማራቶን ሙሉ ርቀቱ በቀጥታ ሲሠራጭ በዓለም የመጀመሪያው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን፣ ድሉ በተገኘ በ12ኛው ቀን ነው። አበበ የሮጠላት አገር የልጇን ሩጫ በዓይኗ ሳታይ ወሬውን በጆሮዋ ሰማች። ይህን የማነሳው ለቁጭት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ ልማድ ተተክሏል፦ ካሜራው መሪውን ይዞ ይጓዛል፣ የቀረው ሯጭ ሁሉ ከምስሉ ውጭ ይሮጣል። ልማዱን የወለደው ምስልን ከሚጓዝ መኪና ላይ ወደ ጣቢያ የማድረስ ችግር ነው። ዛሬ አዲሱ የገመድ አልባ ቴክኖሎጂ ያንን ችግር እያቃለለው ነው። በዚያው ወቅት ግን ካሜራው ማንን ይይ የሚለው ውሳኔ ቀስ በቀስ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተሻገረ ነው፤ ይህ አስተውሎት የሚሠለጥነው ደግሞ በችግሩ ዘመን ተቀርጾ በተከማቸ ምስል ነው። ስለዚህ ችግሩ አልፎ ልማዱ በማሽኑ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ያሰጋል። ይህ ሥጋት ከምን እንደመጣ ለማየት የሥርጭቱን ታሪክ ከገመዱ ዘመን መጀመር ይሻላል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴሌቪዥን ከስቱዲዮ ሲወጣ መጀመሪያ የወጣው በገመድ ታስሮ ነው። ቢቢሲ ሜይ 12 ቀን 1937 የንጉሥ ጆርጅ 6ኛን የዘውድ በዓል ሰልፍ ከለንደን ሃይድ ፓርክ ኮርነር ሲያሳይ ሦስት ካሜራዎች ነበሩት፤ ምስሉን ለማድረስም በከተማዋ ውስጥ ልዩ ገመድ ተዘርግቷል። ካሜራዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ንጉሡ ናቸው በፊታቸው ያለፉት። ለሰልፍ ይህ ይበቃል፤ የሚያልፍበት መንገድና ሰዓት አስቀድሞ ይታወቃልና። በአገሮች መካከል ያለው ርቀት ግን ለገመድ አልተበገረም። በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል ለካናዳ ተመልካች የደረሰው በፊልም ተቀርጾ፣ በጦር አውሮፕላን ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠበት የ1960ው የሮም ኦሊምፒክም ለአሜሪካውያን የታየው ቴፑ በአውሮፕላን ኒውዮርክ ከገባ በኋላ ነው። በ1962 ቴልስታር የተባለችው ሳተላይት በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል የቀጥታ ምስል አሻገረች፤ ይሁንና በዝቅተኛ ምህዋር ትዞር ስለነበር በአንድ ዙር የምታገለግለው ለ20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። በ1964 ሲንኮም 3 የተባለችው ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል እየዞረች አንድ ቦታ ላይ የቆመች ያህል ስትሆን የቶኪዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ ፓስፊክን በቀጥታ ተሻገረ። የአህጉር ርቀት በዚህ መንገድ ተሸነፈ። የሚገርመው፣ ከዚያ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ የቆየው የ42 ኪሎ ሜትሩ ጎዳና ነው።

ሯጭ ገመድ ይዞ አይሮጥም፤ ካሜራውም አብሮት መጓዝ አለበት። የጃፓኑ የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ ለቶኪዮው ማራቶን ያገኘው መፍትሔ ካሜራ የጫነ መኪና ከሯጮቹ ፊት ማስኬድና ምስሉን በሬዲዮ ሞገድ ሽቅብ መላክ ነበር። ለቴሌቪዥን ምስል የሚበቃው ሞገድ አጭር ነው፤ አጭር ሞገድ ደግሞ በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ሕንፃ ሲገጥመው ዞሮ አያልፍም። ከጎዳና ላይ ሆኖ ወደ ጣቢያው መላክ ካልተቻለ ክፍት ሆኖ የሚቀረው አቅጣጫ ሰማይ ነው። በላይ የሚያንዣብበው ሄሊኮፕተር ምልክቱን ተቀብሎ ለምድር ጣቢያ ያቀብላል። እንግዲህ ይህን ሰንሰለት ላስተዋለ ሰው፣ አንድ ተጨማሪ ካሜራ ማለት ሌላ መኪና፣ ሌላ የሞገድ መስመር፣ ሌላ ማስተላለፊያና መቀበያ፣ አንዳንዴም ሌላ በራሪ ማለት ነው። ያለው መስመር ጥቂት ከሆነ የሚመደበው ለማን እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ ለመሪው ነው።

በቶኪዮው ማራቶን ቀን አበበ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን ሮጠ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት ሳለ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛው የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። ለሁለተኛነት የተደረገው ትንቅንቅ ግን በማራቶን ታሪክ ከማይረሱት አንዱ ነው። ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ወደ ስታዲየሙ የገባው በሁለተኛነት ነበር፤ እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ በመሙ ላይ ደርሶበት አለፈው። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከ4 ሰከንድ ያነሰ ነው። ይህ ትንቅንቅ ለተመልካች ዓይን የበቃው ስታዲየም ውስጥ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ገመድ አለ፣ ካሜራም አለ። ሂትሊ ጹቡራያን 5 ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ፣ ጎዳናው ላይ አልፎት ቢሆን ኖሮ መኪናው ከአበበ ፊት ስለነበር ጃፓናውያን የወገናቸውን መቀደም የሚያውቁት ከውጤት ሰሌዳ ላይ ነበር። ከኋላ የሚሆነው ነገር ይታይ አይታይ የሚወሰነው በታሪኩ ክብደት ሳይሆን ገመዱ በደረሰበት ርቀት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ሰንሰለቱን አሻሻሉት እንጂ አልበጠሱትም። የካሜራ ባለሙያው ሞተር ብስክሌት ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀመጠ፤ ከሄሊኮፕተሩ በላይ ምልክት የሚያቀባብል አውሮፕላን ተጨመረ። በዲጂታሉ ዘመን አንዱን ምስል በብዙ ጠባብ ሞገዶች ላይ ከፋፍሎ የመላክ ዘዴ መጣ፤ በአውሮፓ የቴሌቪዥን ደንብ የሞገዶቹ ቁጥር 1,705 ወይም 6,817 ነው። በዚህ ዘዴ ከሕንፃ ተጋጭቶ የሚመለስ ሞገድ ምስሉን አያበላሸውም፤ ቀድሞ ግን ያ የተመለሰ ሞገድ በምስሉ ላይ ጥላ እየጣለ የከተማ ሥርጭትን ያስቸግር ነበር። እንዲህም ሆኖ ካሜራዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ከኋላ ያለው ጨለማ አልተገፈፈም። ከዲጂታሉ ዘመን ቀደም ብሎ፣ በ1980 የቦስተን ማራቶን ሮዚ ሩዊዝ የምትባል ሴት የመጨረሻውን ማይል ገደማ ብቻ ሮጣ የአሸናፊነት አክሊል ተደፋላት፤ የኋላ ኋላ ተጋልጣ ድሏ ተሰረዘ። ሴቶችና ወንዶች አብረው በሚነሡበት ውድድር ካሜራው ከመሪዎቹ ወንዶች አይለይም ነበርና የሴቶቹ ፉክክር በወንዶች ብዛት ተውጦ ይቀር ነበር። ቦስተን ከ2004 ጀምሮ ምርጥ ሴት ሯጮችን ለብቻቸው አስቀድሞ ሲያስነሣ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከውጤቶቹ አንዱ ግን መሪዋ ሴት በፊቷ ካሜራ ማግኘቷ ነው። አስቡት፣ ሴቶቹ እንዲታዩ የውድድሩ ሰዓት ራሱ ተለወጠ።

አሁን የተለወጠው ነገር መሠረታዊ ነው። እንደ ላይቭዩ ያሉ ኩባንያዎች ብዙ ሲም ካርድ በአንድ ሻንጣ አጣምረው ምስሉን በስልክ ኔትወርክ መላክ ከጀመሩ ወዲህ አንድ ጋዜጠኛ ጀርባው ላይ ማሠራጫ አዝሎ መዞር ችሏል። የዚህ ዘዴ ድክመት የሚታየው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው፤ ሕዝብ ሲሰበሰብ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። መልሱ ለሥርጭት ብቻ የተከለለ የ5ጂ ኔትወርክ ነው። ሜይ 6 ቀን 2023 በንጉሥ ቻርልስ የዘውድ በዓል ላይ ቢቢሲ ኒውትራል ዋየርለስ ከተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ጋር ሆኖ ዘ ሞል በሚባለው ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ጊዜያዊ ኔትወርክ ተከለ፤ ከተለያየ አገር የመጡ ጣቢያዎችም በጋራ ተጠቀሙበት። የ1937ቱ ሰልፍ ካለፈበት ብዙም ሳይርቅ፣ በከተማዋ የሚዘረጋ ገመድ ሳያስፈልግ ካሜራው ከሰዎቹ ጋር ተራመደ። ጁላይ 26 ቀን 2024 ደግሞ የፓሪስ ኦሊምፒክ መክፈቻ በሴን ወንዝ ላይ ሲከበር አትሌቶቹን በጫኑት ጀልባዎች ላይ ከ200 በላይ የሳምሰንግ ስልኮች ተገጥመው ምስላቸውን ኦራንዥ በዘረጋው የግል 5ጂ አስተላልፈዋል። ካሜራ መጨመር ማለት ስልክ መጨመር ሆነ። 60 ዓመት ሙሉ መሪው ላይ ያሰረን የቴክኒክ ምክንያት ቢያንስ በሀብታሞቹ ውድድሮች ላይ ተነሥቷል።

ይሁን እንጂ 200 ካሜራ ሲኖር ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ያን ሁሉ ማን ያየዋል? በፓሪስ ኦሊምፒክ አዘጋጁ የሥርጭት ድርጅት ያመረተው ከ11,000 ሰዓት በላይ ነው፤ አንድ ሰው እንቅልፍ ሳይተኛ ቢያየው ከ450 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ማሽን ገባ። በዚያው ኦሊምፒክ የጨዋታ ቅንጭቦች በኢንቴል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመርጠው በራሳቸው ይቆራረጡ ነበር፤ የአሜሪካው ኤንቢሲም የእውቁን ጋዜጠኛ የአል ማይክልስን ድምፅ በማሽን አስመስሎ ለየተመልካቹ የተለየ የዕለት ማጠቃለያ አቅርቧል። በትንንሽ ሜዳዎች ላይ ደግሞ የካሜራ ባለሙያው ራሱ በማሽን ተተክቷል። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ከፍ ብለው የተተከሉ ጥቂት የማይንቀሳቀሱ ካሜራዎች ሜዳውን በሙሉ ይይዙታል፣ ምስሎቹ እርስ በርስ ተሰፍተው አንድ ሰፊ ምስል ይሆናሉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ኳሱንና ተጫዋቾቹን ፈልጎ የሰፊውን ምስል አንድ ቁራጭ ቆርጦ ያሳያል፤ ተመልካች ካሜራው የዞረ ይመስለዋል። በኦክቶበር 2020 የስኮትላንዱ ኢንቨርነስ ካሌዶኒያን ቲስል ባደረገው ጨዋታ ይህ ዓይነቱ ካሜራ የመስመር ዳኛውን ራሰ በራ ከኳስ ጋር እያምታታ ደጋግሞ ዳኛውን ተከተለ። ዓለም በነገሩ ሳቀ። እኔ የማየው ግን ሌላውን ነው፤ ማሽኑ የተማረውን በታማኝነት ነው የፈጸመው። ክብና አንጸባራቂ ነገር ፈልግ ተባለ፣ አገኘ። ስህተቱ የታወቀው ኳስ ምን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። በማራቶን ግን ማሽኑ የሚሳሳተው ማንም ልብ ሳይለው ነው፤ መሪውን ማሳየት ስህተት አይመስልምና።

እዚህ ላይ ተገቢ መቃወሚያ አለ። ውድድር እኮ ውድድር ነው፣ መሪውን ማሳየት ዜናውን ማሳየት ነው፣ አድልዎ የት አለ? ይባላል። በከፊል ልክ ነው፤ የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ካሜራው ከመሪው ቢለይ ተመልካች በትክክል ይቆጣል። ነገር ግን ማራቶን የ2 ሰዓት ታሪክ ነው፤ ብዙው ታሪክ የሚበስለው ከኋላ ነው። ኦገስት 10 ቀን 2024 በፓሪስ ታምራት ቶላ፣ በተጠባባቂነት ተይዞ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ፋንታ የገባው፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በዚያው ሰዓት የሁለት ኦሊምፒክ አሸናፊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ውድድሩን አቋርጦ በሕዝቡ መሀል እየተራመደ ጫማውንና የደረት ቁጥሩን ለተመልካች ይሰጥ ነበር። የአንድ ዘመን ማብቂያ በመንገድ ዳር ሰዎች ስልክ ተቀረጸ። ሁለቱም ዜና ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ዋጋ አይቀንስም፣ እንዲያውም የታምራት ድል ክብደቱ የሚገባን ማን እንደወደቀ ስናይ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ሰውም እኮ ያዳላል ይላል። እውነት ነው። ዳይሬክተር የአገሩን ልጅ ያስበልጣል፣ ይደክማል፣ ስም ያሳስታል። ማሽኑ ቢያንስ ሁሉንም ሯጭ በደረት ቁጥሩ ለይቶ፣ እያንዳንዱ ተመልካች የፈለገውን አትሌት እንዲከተል ማድረግ ይችላል። ይህ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። የቁጥርና የመዝገብ እውቀት የት ድረስ እንደሚያስኬድ ግን ሮም 1960 ያሳየናል። አበበ ቢቂላ እንዲጠነቀቀው የተነገረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ቁጥሩ 26 ነው ተብሎ ነበር፤ ራዲ ግን የሮጠው 185 ለጥፎ ነው። አበበ 26 ቁጥርን እየፈለገ ከራሱ ከራዲ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሮጠ፤ መጨረሻ ላይ ጥሎት ሄዶ አሸነፈ። ዝርዝሩ ተሳስቶ ነበር፣ ሩጫው ግን አልተሳሳተም። ሌላም ነገር አለ። ማሽን ማንን ላሳይ ሲባል የሚያመዛዝነው የቀድሞ ሰዓትን፣ ዝናን፣ ቀድሞ የታየበትን ብዛት ነው። በዚያ ሚዛን የሮም ካሜራ የሚውለው የዓለም ክብረ ወሰን በእጁ በነበረው በሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ላይ ነበር፤ እሱ ግን 5ኛ ወጣ። በባዶ እግሩ የቆመው፣ በውጭ ማንም የማያውቀው የክብር ዘበኛ ወታደር በመዝገብ ውስጥ አልነበረም። ሰው ያዳላል፤ ነገር ግን ዓይኑ ድንገት በአዲስ ነገር ሊያዝ ይችላል፣ ደግሞም ለምን እንዲህ አደረግህ ተብሎ ይጠየቃል። ማሽን ይማራል የሚሉኝ ካሉ፣ ጭንቀቴ እሱው ነው፤ የሚማረው መሪውን ብቻ ካሳየው የ60 ዓመት ማህደር ነው።

ከዚህ ጋር የፓሪስ የሴቶች ማራቶን መታወስ አለበት። ኦገስት 11 ቀን 2024 ሲፋን ሐሰንና ትዕግሥት አሰፋ ወደ መጨረሻው ሲጠጉ መታጠፊያው ላይ ተገፋፉ፤ ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ኢትዮጵያ ተቃውሞ አቀረበች፣ ዳኞቹም ውድቅ አደረጉት። ውሳኔው ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለውን እዚህ አልፈርድም። ለጉዳዬ የሚጠቅመው ግን ክርክሩ ሊነሣ የቻለው ምስል ስላለ መሆኑ ነው፤ ምስሉም የተገኘው ሁለቱ ከፊት ስለነበሩ ነው። ያው መገፋፋት በ8ኛና በ9ኛ ሯጮች መካከል ቢሆን አንዲት አትሌት ልፋቷን በክርን ተነጥቃ አቤት የምትልበት ማስረጃ አይኖራትም። ለዚህ ነው ካሜራ ማን ዘንድ ይዋል የሚለው ጥያቄ ከመዝናኛ ያለፈ ፍርድ ያለበት ጉዳይ የሚሆነው። በአንድ ውድድር ላይ ደርዘን ሐበሻ ሯጮች በሚሮጡበት ዘመን ከኋላ ከሚሮጡት ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው።

የቋንቋው ነገር ደግሞ ለእኛ ለብቻው ይነሣል። የስፖርት ዘጋቢውን ደምሴ ዳምጤን በሬዲዮ የሰማ ትውልድ ያውቀዋል፤ ጨዋታን ያላየ ሰው እንዲያይ የሚያደርግ ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ ተጫዋቹን ያውቀዋል፣ ከየት እንደመጣ ያውቃል፣ አድማጩም ምን እንደሚጓጓ ያውቃል። የኦሊምፒክ ሰሌዳ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አስቀድሞ «ቶላ» ብሎ ይጽፋል፤ በማሽን የሚተረጎም ዘገባም ታምራትን በአባቱ ስም እየጠራ ይቀጥላል። ጃፓኖች በ1964 አበበን «አበበ» ብለው ሲጠሩት የእንግሊዝኛ ጋዜጦች «ቢቂላ» ይሉት ነበር፤ ጉዳዩ የማይቻል ሳይሆን የሚጠይቅ ሰው የሚፈልግ ነው። በማሽን የተሠራ የአማርኛ ዘገባ መምጣቱ አይቀርም፤ ዛሬ ዘጋቢ ለማይላክባቸው ውድድሮች በረከት ሊሆንም ይችላል። ግን መሠልጠኛውን ማን አዘጋጀ፣ ስሞቹን ማን አረመ የሚለው አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ መሣሪያው ሩቅ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በሜይ 2022 በአዲስ አበባ 5ጂን በሙከራ ደረጃ አስጀምሯል። በብሪታንያ ከ2019 ጀምሮ አንድ የሞገድ ክልል ለአካባቢ ተጠቃሚዎች በፈቃድ እንዲሰጥ መደረጉ ነው የዘውዱን በዓል ኔትወርክ ያስቻለው፤ የእኛም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለአንድ ቀን ውድድር፣ ለአንድ ከተማ ጎዳና የሚሆን አጭር ፈቃድ በአነስተኛ ክፍያ ቢሰጥ የበቆጂና የአሰላ ወጣቶች ውድድር በቀጥታ የማይታይበት ምክንያት አይኖርም። እንዲህ ባለ ውድድር ላይ በማሽን የሚዞር ርካሽ ካሜራ ቢተከል አልቃወምም፤ ያለሱ ምንም ምስል የለምና። የምጠይቀው በውሉ ላይ ሁለት ነገር እንዲጻፍ ነው። አንደኛ፣ ቢያንስ አንድ ካሜራ ከመሪዎቹ ተለይቶ ከኋላ ላሉት ይመደብ፣ ምስሉም ባይሠራጭ እንኳ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሯጮቹን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ አሠልጣኝም ይሁን የቀድሞ አትሌት፣ ማሽኑ የመረጠውን ምስል በአንድ ቁልፍ መሻር የሚችልበት ወንበር ይኑረው፤ በሻረ ቁጥርም ምክንያቱ ይመዝገብ። ይህ መዝገብ ሲጠራቀም ቀጣዩ ማሽን የሚሠለጥንበት ነገር ያገኛል።